ደንቡ የማን ነው? የጃንጎን የምዝገባ ቅጽ ያስተካከልሁበት የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ጠዋት

አባላት መጻሕፍት የሚዋዋሱበት ድረ ገጽ እየሠራን ነው። ማዕቀፉ (በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ የሚሠራበት ዝግጁ ኮድ) ጃንጎ 5.2፣ የመረጃ ቋቱ ፖስትግሬስ ነው። የእኔ ድርሻ ምዝገባው ነው። ሰው በኢሜይልና በይለፍ ቃል ይመዘገባል፣ ኢሜይሉ የራሱ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ይገባል።

ጃንጎ ለመግቢያ፣ ለመውጫ፣ የይለፍ ቃል ለመቀየርና የተረሳውን ለማደስ የተዘጋጁ ገጾች ይዞ ይመጣል። ለምዝገባ ግን ቅጹን ብቻ ሰጥቶ የቀረውን ለባለቤቱ ይተዋል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ ትክክል ነው ባይ ነኝ። መግባት የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። መመዝገብ ግን እንደየቤቱ ነው፤ አንዱ ግብዣ ይጠይቃል፣ ሌላው ክፍያ፣ ሌላው የአስተዳዳሪ ፈቃድ። ማዕቀፉ አንዱን መርጦ ቢጭንብን ኖሮ ጊዜያችን እርሱን በማፍረስ ባለቀ ነበር።

የሚሰጠው ቅጽ «ዩዘርክሪኤሽንፎርም» ይባላል። ሦስት ሳጥን አለው፦ የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ የይለፍ ቃሉ ድጋሚ። የገጹን መልክ የሚሠራው ባልደረባዬ ደግሞ የራሱን ዝርዝር ይዞ መጣ፤ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ዘመን፣ ጾታ፣ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?»። «ኋላ ከምንለምን አሁኑኑ እንያዘው» ነው የሚለው። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ መለስሁለት፤ ይህ ሳጥን ባዶ ቢቀር የትኛው የድረ ገጹ ሥራ ይቆማል? ፈተናውን ያለፈው ለሌሎች አባላት የሚታየው ስም ብቻ ነው። ስልኩ ላይ ትንሽ ተከራከርን። በመጨረሻ ያልሰበሰብነውን መረጃ ማንም ሊሰርቀን እንደማይችል ተስማማን።

ለቀሪው ሥራ መመሪያ ያደረግሁት ይህን ነው፤ አንድ ደንብ ሲመጣ መኖሪያውን አስቀድሞ መወሰን። ቅጹ ላይ የተጻፈ ደንብ በዚያ ቅጽ የሚያልፈውን ብቻ ይቆጣጠራል። ሞዴሉ (የአንድን ዓይነት መዝገብ መስኮች የሚገልጸው ኮድ) ላይ የተጻፈ ደንብ ሞዴሉ «ተመርመር» ሲባል ይሠራል፤ ጃንጎ ግን መዝገብ ሲያስቀምጥ ይህን ምርመራ በራሱ አይጠራም፣ የሚጠራው ቅጹ ነው። የመረጃ ቋቱ ላይ የተጻፈ ደንብ ደግሞ ማን እንደመጣ፣ በየት በር እንደመጣ አይጠይቅም። ስለዚህ ሳጥን በጨመርሁ ቁጥር የምጠይቀው «እንዴት ላጣራው?» ብዬ አይደለም፤ «ማን ያጣራው?» ብዬ ነው።

ሰኞ ከሰዓት

ቅጹን ከመንካቴ በፊት የተጠቃሚውን ሞዴል። ጃንጎ የራስን የተጠቃሚ ሞዴል መተካት የፈቀደው ከ1.5 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የማዕቀፉ ሰነድ ራሱ፣ ነባሩ ሞዴል ቢበቃህም እንኳ አዲስ ፕሮጀክት ስትጀምር የራስህን አስቀምጥ ብሎ ለዓመታት አጥብቆ ሲመክር ቆይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሌሎች ሠንጠረዦች ሁሉ ወደ ተጠቃሚው ሠንጠረዥ ያመለክታሉ፤ ማይግሬሽኑ (ሠንጠረዦቹን ቋቱ ውስጥ የሚፈጥረው እርምጃ) ከተሠራ በኋላ ለመተካት የፈለገ ሰው እነዚያን ማመልከቻዎች አንድ በአንድ በእጁ ማዞር ይኖርበታል።

ሁለት መነሻ አለ። «አብስትራክትቤዝዩዘር» የይለፍ ቃልና የመጨረሻ መግቢያ ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ የቀረውን ሁሉ ራስህ ትሠራለህ። «አብስትራክትዩዘር» ስሙን፣ ኢሜይሉን፣ ፈቃዶቹን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛውን መረጥሁ፤ ፈቃድና ቡድን እንደገና መጻፍ አያጓጓኝም። የተጠቃሚ ስም የሚለውን መስክ ባዶ አድርጌ አስወገድሁት፣ መለያውንም ኢሜይል አደረግሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ነባሩ የተጠቃሚ አስተዳዳሪ ክላስ (ተጠቃሚዎችን የሚፈጥርና የሚፈልግ የኮድ ክፍል) የተጠቃሚ ስም ካልተሰጠው አይሠራም። ይህን ለማየት የበላይ ተጠቃሚ (ሁሉም ፈቃድ ያለው መለያ) የሚፈጥረውን ትእዛዝ ሆን ብዬ አስኬድሁት፤ «የተጠቃሚ ስም የሚባል ግቤት ጎድሏል» ብሎ ወደቀ። ስለዚህ በኢሜይል የሚፈጥር የራሴን ጻፍሁ። ሁለተኛ፣ በነባሩ ሞዴል ላይ ኢሜይል ልዩ መሆን አይጠበቅበትም፤ ባዶ መሆንም ይችላል። መለያ ሲሆን ግን ልዩ መሆን የግድ ነው፤ ካላደረግነው የማዕቀፉ የራስ ምርመራ ስህተት ብሎ ይመዘግበዋል።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ላይ ዋልሁ። ኢሜይል ቀላል ይመስላል፤ አይደለም።

አንድ ሰው ኢሜይሉን በትልቅ ፊደል ጀምሮ ተመዘገበ እንበል። በማግሥቱ በትንሽ ፊደል ሊገባ ሲሞክር ለቋቱ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። የጃንጎ የኢሜይል ማስተካከያ ትንሽ ፊደል የሚያደርገው ከ@ ምልክቱ በስተቀኝ ያለውን፣ ማለትም የጎራውን ስም ብቻ ነው፤ በስተግራ ያለውን አይነካም። በደረጃ ሰነዶቹ መሠረት የግራው ክፍል የትልቅና የትንሽ ፊደል ልዩነት ሊኖረው ስለሚችል ጃንጎ ጥንቁቅ ሆኗል። በተግባር ግን ይህን ልዩነት የሚጠቀም የኢሜይል አገልግሎት እስካሁን አላጋጠመኝም።

ብዙ ሰው የሚወስደው መፍትሔ ሲፈልጉ የትልቅና የትንሽ ፊደልን ልዩነት ችላ የሚለውን ማነጻጸሪያ መጠቀም ነው፤ በጃንጎ አጠራር «አይኤግዛክት»። በልዩነት ገደቡ (አንድ ኢሜይል እንዳይደገም ቋቱ ላይ በሚጣለው ክልከላ) ላይ ደግሞ ጽሑፉን ወደ ትንሽ ፊደል የሚቀይር ቀመር ያስቀምጣሉ። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ጃንጎ በፖስትግሬስ ላይ «አይኤግዛክት»ን የሚፈጽመው ሁለቱንም ወገን ወደ ትልቅ ፊደል ቀይሮ ነው። ወደ ትልቅ ሲቀየሩ አንድ የሚሆኑ፣ ወደ ትንሽ ሲቀየሩ ግን ለየብቻ የሚቀሩ ፊደላት አሉ። ነጥብ የሌላት የቱርክኛዋ «አይ» ዋነኛዋ ናት። ገደቡ ሁለቱን አድራሻዎች የተለያዩ ናቸው ብሎ ያሳልፋል፤ መግቢያው ደግሞ እንደ ቋቱ የቋንቋ ቅንብር አንድ ናቸው ብሎ ሁለት ሰው ሊያገኝ ይችላል።

«እንዲህ ያለ ፊደል በኢሜይል ማጣሪያው ያልፋል እንዴ?» ለሚል ሰው፦ ያልፋል። ማጣሪያው የላቲን ፊደላትን ከመጀመሪያዋ እስከ መጨረሻዋ ብሎ ይዘረዝራል፣ የትልቅና የትንሽ ልዩነትንም ችላ እንዲል ተነግሮታል። በፓይተን እንዲህ ያለ ዝርዝር ከ52ቱ ፊደላት ሌላ 4 እንግዶችን ይቀበላል፤ ሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ይህች ነጥብ አልባ ፊደልም ከመካከላቸው ናት።

ይህ የቤተ ሙከራ ጭንቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ጃንጎ የደኅንነት ማስተካከያ ያወጣው በዚሁ ዓይነት ግጭት ምክንያት ነበር። የይለፍ ቃል ማደሻው ቅጽ የተሰጠውን አድራሻ ልዩነቱን ችላ ብሎ ይፈልግና፣ የማደሻውን ሊንክ ቋቱ ውስጥ ላለው አድራሻ ሳይሆን ቅጹ ላይ ለተጻፈው ይልክ ነበር። መሳይ ፊደል ያለበት አድራሻ በእጁ ያለ ሰው የሌላውን መለያ ሊወስድ ይችል ነበር ማለት ነው። ማስተካከያው በተመዘገበው አድራሻ መላክ ሆነ፤ ከዚያም የተገኙትን መዝገቦች አንድ ጊዜ ይበልጥ በጥብቅ ማነጻጸር።

እኔ የወሰንሁት፦ ኢሜይል ሲቀመጥ ሙሉ በሙሉ በትንሽ ፊደል ይቀመጣል። የአስተዳዳሪ ክላሱ ለመግቢያ የሚፈልግበትን ሜተድ (የክላሱን አንድ ተግባር የሚሠራ ኮድ) ተክቼ፣ የገባውን ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሮ በቀጥታ እኩልነት እንዲፈልግ አደረግሁ። ከምልክቱ በስተግራ ከአስኪ (ከመሠረታዊ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ስብስብ) ውጭ የሆነ ፊደል ካለ ሞዴሉ ይመልሳል። ቋቱ ላይ ደግሞ በትንሽ ፊደል ቀመር የልዩነት ገደብ አለ፤ ጃንጎ በቀመር ላይ የተመሠረተ ገደብ የፈቀደው ከ4.0 ጀምሮ ነው። ኢሜይሉ ቀድሞውኑ በትንሽ ፊደል ከተቀመጠ ገደቡ ትርፍ ነው የሚል ይኖራል። ነገ አንድ ሰው ከሌላ ሥርዓት አባላትን በቀጥታ ወደ ቋቱ የሚያስገባ ስክሪፕት ሲጽፍ ትርፍ አይሆንም።

ረቡዕ ጠዋት

አሁን ቅጹ።

ከ4.2 ወዲህ ሁለት ቅጽ አለ። «ዩዘርክሪኤሽንፎርም» የተጠቃሚ ስም በፊደል መጠን ብቻ ከሌላው ከተለየ ይከለክላል። ከእርሱ በላይ ያለው «ቤዝዩዘርክሪኤሽንፎርም» ይህ ክልከላ የለውም፤ ለማሻሻል የሚመከረውም እርሱ ነው። እኛ የተጠቃሚ ስም ስለሌለን ምርጫው አላስቸገረም።

ቅጹ በውስጡ ባለው «ሜታ» በሚባል ክላስ ከነባሩ የተጠቃሚ ሞዴል ጋር ታስሯል። የራሱን ሞዴል ያስቀመጠ ሰው ይህን ሳይቀይር ቢሄድ «ነባሩ ተጠቃሚ በሌላ ተተክቷል» የሚል ስህተት ይጠብቀዋል። ሞዴሉን በስሙ ከማስመጣት ይልቅ «ጌት ዩዘር ሞዴል» በተባለው ጥሪ መጥቀሱ ይሻላል፤ ቅንብሩ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን ትክክለኛውን ያመጣል።

በዚሁ «ሜታ» ውስጥ መስኮቹ ይዘረዘራሉ። እዚህ ላይ «ሁሉም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የምዝገባ ቅጽ ላይ ግን ይህ አደገኛ ስንፍና ነው፤ ሠራተኛ መሆንን የሚያመለክተውና የበላይ ተጠቃሚነትን የሚሰጠው መስክ የዚሁ ሞዴል አካል ናቸው። ገጹ ላይ ሳጥናቸውን አለማሳየት አይበቃም፤ ጥያቄውን በእጁ አዘጋጅቶ የሚልክ ሰው ገጹን አያየውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ የደረሰው የዚህ ዘመድ ነው። ማዕቀፉ ሩቢ ኦን ሬይልስ ነበር፤ አንድ ተጠቃሚ የማይመለከተውን መስክ በጥያቄው ውስጥ ጨምሮ የራሱን ቁልፍ ከሬይልስ ፕሮጀክት ጋር አያይዟል። ስለዚህ መስኮቹን አንድ በአንድ ጻፍኋቸው፤ ኢሜይልና የሚታይ ስም። የይለፍ ቃል ሳጥኖቹ ከሞዴሉ ሳይሆን ከቅጹ ስለሚመጡ እዚህ አይዘረዘሩም።

የአባልነት ደንቡን ስለመቀበል አንድ ምልክት ማድረጊያ ጨመርሁ። በጃንጎ እንዲህ ያለው መስክ የግድ ከሆነ ምልክት ካልተደረገበት ቅጹ አያልፍም፤ ተጨማሪ ማጣሪያ አያስፈልገውም። ቋቱ ላይ የሚቀመጠው ግን «አዎ» ሳይሆን ሰውየው የተቀበለበት ቀንና ሰዓት ነው። ደንቡ ሲሻሻል የትኛውን እንደተቀበለ የሚያሳየው እርሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት

የይለፍ ቃል። ጃንጎ አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር አራት ማጣሪያዎችን ያበራል። አንዱ ርዝመቱን ያያል፣ ካልቀየርነው ዝቅተኛው 8 ነው። ሁለተኛው በብዛት የተለመዱ 20,000 የይለፍ ቃላትን ዝርዝር ያያል፣ ሦስተኛው በቁጥር ብቻ የተሠራን ይጥላል፣ አራተኛው ከተጠቃሚው ስምና ኢሜይል ጋር መመሳሰሉን ይመረምራል። ባልደረባዬ «ትልቅ ፊደልና ልዩ ምልክት ይኑረው» የሚል ደንብ እንድጨምር ጠየቀኝ። አልጨመርሁም። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉ የቅንብር ደንቦች እንዳይጫኑ መክሯል፤ በምትኩ ርዝመትንና የታወቁ ቃላትን ማየት ይሻላል። ዝቅተኛውን ርዝመት ወደ 12 ከፍ አድርጌ ሌላውን ተውሁት።

የሚያስደንቀው አራተኛው ማጣሪያ ነው። ከምን ጋር ያመሳስለዋል? ገና ያልተፈጠረ ሰው ስም ቋቱ ውስጥ የለም። ቅጹ ይህን የሚፈታው በቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዱ ሳጥን መጀመሪያ ለብቻው ይጣራል፣ ቀጥሎ ቅጹ በሙሉ፣ ከዚያ የተጣሩት ዋጋዎች ገና ባልተቀመጠ የተጠቃሚ አካል ላይ ይጻፋሉ። የይለፍ ቃሉ የሚመረመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ አካሉ ስምና ኢሜይል ይዞ ሲቆም። አንዳንድ ሰው ይህን ሳያይ የይለፍ ቃል ሳጥኑ ላይ የራሱን ማጣሪያ ይጽፍና የማዕቀፉን ምርመራ ያለ ተጠቃሚ ይጠራዋል። ስህተት አይወጣም። ሦስቱ ማጣሪያዎች ይሠራሉ፤ አራተኛው ተጠቃሚ ስላልተሰጠው ድምፁን ሳያሰማ ያሳልፋል። ከሚጮህ ስህተት ይልቅ እንዲህ ያለው ያስፈራኛል። እኔ ምርመራውን ካለበት አልነካሁትም።

አንድ የመልክ ጣጣ አለ፤ «በጣም አጭር ነው» የሚለው መልእክት የሚወጣው በሁለተኛው ሳጥን ሥር ነው። ሰው የመጀመሪያውን ሳጥን እያየ ጥፋቱን በሌላው ሥር ያነባል። ቴምፕሌቱ (የገጹ መልክ የተጻፈበት ፋይል) ላይ የሁለተኛውን ሳጥን ስህተቶች ከሁለቱም በላይ አውጥቼ አስቀመጥሁ። የፓይተን ኮድ አያስፈልገውም።

የማስቀመጫውን ሜተድ ስጽፍ የወላጁን፣ ማለትም የተነሣሁበትን የጃንጎ ቅጽ፣ ሜተድ «ገና አታስቀምጥ» ብዬ ጠርቼ፣ ደንቡ የተቀበለበትን ጊዜ ሞልቼ፣ ከዚያ አስቀመጥሁ። የይለፍ ቃሉን ወደ ሃሽ (ወደ ኋላ ወደ ቃሉ ሊመለስ የማይችል የተሰላ ጽሑፍ) የሚቀይረው ወላጁ ነው። ተራ የሞዴል ቅጽ ይዞ የይለፍ ቃሉን እንደማንኛውም መስክ የሚያስቀምጥ ሰው ሁለት ጉዳት ያገኘዋል፦ ቃሉ እንዳለ ቋቱ ውስጥ ይተኛል፣ ባለቤቱም ሊገባ አይችልም፤ ምክንያቱም ማዕቀፉ ያንን ጽሑፍ እንደ ሃሽ ሊያነበው አይችልም። በ5.2 ሃሹን የሚያወጣው ነባሩ ስሌት፣ ፒቢኬዲኤፍ2፣ 1,000,000 ጊዜ ይደጋገማል፤ በ4.2 ላይ 600,000 ነበር። ማዕቀፉ ሲታደስና ቁጥሩ ሲያድግ ነባር አባላት በሚገቡበት ጊዜ ሃሻቸው በአዲሱ ቁጥር ይተካል፤ ለዚህ የምንጽፈው ነገር የለም።

ሐሙስ

ሁሉም ነገር የተገለበጠበት ቀን።

ቅጹን ሞልቼ ላክሁ፣ ተመዘገብሁ። በዚያው ኢሜይል ደግሜ ላክሁ፤ «በዚህ ኢሜይል የተመዘገበ ተጠቃሚ አለ» አለኝ። ማዕቀፉ የሚገባውን አድርጓል። ነገር ግን ይህ መልስ ለማንም ይሰጣል። ማንም ሰው የሌላውን ኢሜይል አስገብቶ አባል መሆን አለመሆኑን ሊያውቅ ነው። የመጽሐፍ መዋዋሻ ምሥጢር አይደለም ቢባልም፣ የአባላትን ዝርዝር በዚህ መንገድ ለቃቅሞ አስመሳይ ኢሜይል የሚልክ ሰው ይኖራል።

በሌላ በኩል ያላረጋገጡ መለያዎች ጉዳይ አለ። የተለመደው መንገድ መለያውን «ንቁ ያልሆነ» አድርጎ መፍጠርና ሊንኩ ሲከፈት ማንቃት ነው። አልወደድሁትም። ያው መስክ አስተዳዳሪ አባልን የሚያግድበትም ነው። ያላረጋገጠና የታገደ ሰው በአንድ ምልክት ከተገለጹ፣ ዕድሜው ያላለፈ አሮጌ ሊንክ የታገደን ሰው ሊያስነሣ ይችላል።

ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ቦታ ነው፤ ኢሜይሉ የማን እንደሆነ ሳናውቅ መለያ እየፈጠርን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት። የመጀመሪያው ገጽ ኢሜይል ብቻ ይጠይቃል። ቅጹም ከሞዴሉ ጋር ያልተያያዘ ተራ ቅጽ ነው። ምንም ቢገባ መልሱ አንድ ነው፦ «የመልእክት ሳጥንዎን ይመልከቱ»። የሚላከው መልእክት ግን ይለያል። አዲስ ለሆነ አድራሻ የምዝገባ ሊንክ ይሄዳል፤ ለነባር አባል «አስቀድመው ተመዝግበዋል፣ የይለፍ ቃል ከረሱ በዚህ ያድሱ» የሚል። በሁለቱም በኩል አንድ ኢሜይል ስለሚላክ የመልሱ ፍጥነትም ብዙ አይለያይም።

ሊንኩ ውስጥ ኢሜይሉ በድረ ገጹ ምሥጢራዊ ቁልፍ ተፈርሞ ይቀመጣል። ጃንጎ ለዚህ የመፈረሚያ መሣሪያ አለው፤ የተፈረመበትን ጊዜ ይይዛል፣ ሲከፈትም ከዚህ ዕድሜ በላይ ከሆነ ጣለው ማለት ይቻላል። እኔ 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ቀን ሰጠሁት። ፊርማ ምሥጢር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ሊንኩን ያገኘ ሰው ኢሜይሉን ማንበብ ይችላል፣ መለወጥ ግን አይችልም። ሊንኩ ሲከፈት ጃንጎ ራሱ ለይለፍ ቃል ማደሻ የሚያደርገውን ተከተልሁ፤ የተፈረመውን ወደ ሴሽን (ድረ ገጹ ለአንድ ጎብኚ ወደሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) አዛውሮ ንጹሕ ወደሆነ አድራሻ ያሸጋግራል፣ አሳሹ አናት ላይ ምንም አይቀርም። የኢሜይል ደኅንነት ፈታሾች ሊንኮችን ቀድመው የመክፈት ልማድ አላቸው፤ እዚህ መክፈት ቅጽ ከማሳየት ሌላ ምንም ስለማያደርግ አያሳስብም።

ያላረጋገጠ መለያ የሚባል ነገር ከቋቱ ጠፋ። መለያ የሚኖረው ኢሜይሉ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ

ግልበጣው ያመጣውን አሁን እያየሁ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ቅጽ ኢሜይልን አይጠይቅም፤ ኢሜይሉ ከሴሽን ይመጣና ቅጹ በሚሞላው የተጠቃሚ አካል ላይ አስቀድሞ ይጻፋል። የመመሳሰል ማጣሪያው አካሉን ስለሚያይ ሥራውን ይቀጥላል። የኢሜይሉ አለመደገምስ?

እዚህ ላይ «ማን ያጣራው?» የሚለው የሰኞ ጥያቄ ዋጋ አገኘ። የሞዴል ቅጽ የሚመረምረው በውስጡ ያሉትን መስኮች ብቻ ነው። ከቅጹ የወጣ መስክ ከምርመራውም ይወጣል፤ የአስኪ ማጣሪያውም፣ የልዩነት ምርመራውም፣ በትንሽ ፊደል ቀመር የተጻፈው ገደብም ሳይታዩ ያልፋሉ። ኢሜይልን ከቅጹ ሳወጣ ማጣሪያዎቹ አብረው ወጡ፣ አንድም ማስጠንቀቂያ አልታየም። የአስኪ ማጣሪያውን ለብቻው አውጥቼ የመጀመሪያው ገጽ ቅጽም እንዲጠራው አደረግሁ። ለልዩነቱ የቀረው ቋቱ ብቻ ነው።

ሰው ሊንኩን በሁለት መስኮት ከፍቶ ሁለቱንም ቢልክ ሁለተኛው ቋቱ ላይ ይጋጫል፣ ጃንጎም የታማኝነት ስህተት ያነሣል። ይህን በአግባቡ ለመያዝ ማስቀመጫውን በራሱ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ የቋት ሥራዎች) ውስጥ ከተትሁት፤ ፖስትግሬስ ስህተት ከተነሣበት በኋላ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ሌላ ጥያቄ አይቀበልም። ስህተቱ ሲያዝ ተጠቃሚው «መለያዎ አስቀድሞ ተፈጥሯል» ተብሎ ወደ መግቢያ ይሄዳል። ይህን ማለት አሁን ምንም አያጋልጥም፤ ሰውየው የኢሜይሉ ባለቤት መሆኑን አስቀድሞ አሳይቷል።

ከማስቀመጥ በፊት «አለ ወይ?» ብሎ የመጠየቅ ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። ተውሁት። በጥያቄውና በማስቀመጡ መካከል ሁልጊዜ ሌላ ሰው የሚገባበት ክፍተት አለ፤ ጥያቄው ስህተቱን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋም፣ ስህተቱን መያዝም የግድ ሆኖ ይቀራል።

ዓርብ

የተለቃቀሙ ሥራዎች።

የሚታየው ስም። ልዩ መሆን አይጠበቅበትም፣ በማንኛውም ፊደል ሊጻፍ ይችላል፣ ርዝመቱ እስከ 60 ነው። በዩኒኮድ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ጽሑፎች በተለያየ ቅንብር ሊቀመጡ ስለሚችሉ፣ ጃንጎ ለተጠቃሚ ስም የሚያደርገውን ኤንኤፍኬሲ የተባለውን ማስተካከያ ለዚህም አደረግሁ። ይህ ማስተካከያ ግን አቅሙ የተወሰነ ነው፤ የላቲኑንና የሲሪሊኩን «ኤ» አንድ አያደርግም፣ ሰ እና ሠንም እንደዚሁ። አንዱ አባል ሌላውን ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ቅጹ ላይ የምጽፈው ደንብ የለኝም፤ በአባል ገጽ ላይ የተመዘገበበት ዓመት እንዲታይ ነው ያደረግሁት።

አስተዳዳሪ ገጹ። ነባሩ የተጠቃሚ አስተዳደር ክላስ በተጠቃሚ ስም ይደረድራል፣ በተጠቃሚ ስም ይፈልጋል፣ አዲስ ሰው ሲጨመርም እርሱኑ ይጠይቃል። መስኩ ስለሌለ የማዕቀፉ የራስ ምርመራ በተከታታይ ስህተት ዘረዘረ። መደርደሪያውን፣ ዝርዝሩን፣ መፈለጊያውንና የመጨመሪያውን የመስክ ክፍፍል በኢሜይል ተካሁ። በዚህ በር የሚገባ ሰው የኢሜይል ማረጋገጫውን አያልፍም። አስተዳዳሪ ስለሆነ ይሁን ብዬ ተውሁት።

ቴምፕሌቱ። ከ5.0 ጀምሮ አንድን መስክ ከነርዕሱ፣ ከነማብራሪያውና ከነስህተቱ በአንድ ጥሪ ማውጣት ይቻላል። ማዕቀፉ በዚያው እትም ማብራሪያውን ከሳጥኑ ጋር ለማያያዝና የተሳሳተውን ሳጥን ለማመልከት ስክሪን አንባቢ (ማየት ለተሳናቸው ገጹን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር) የሚያውቃቸውን ምልክቶች መጨመር ጀምሯል። ባልደረባዬ በእጁ የጻፈው ገጽ ይህን ሁሉ አጥቶ ነበር፤ ወደ ማዕቀፉ መልሰን መልኩን በሲኤስኤስ ብቻ ያዝነው። የይለፍ ቃል ሳጥኖቹ ላይ ማዕቀፉ «አዲስ የይለፍ ቃል» የሚል ፍንጭ ለአሳሹ ይሰጣል፤ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ሶፍትዌሮች በዚያ ተመርተው አዲስ ቃል ያመነጫሉ። ሳጥኑን በሌላ የሚተካ ሰው ይህን ፍንጭ አብሮ መመለስ አለበት።

ቅዳሜ

ፈተናዎች። መጀመሪያ በፈተናው ቅንብር ላይ የሃሽ ስሌቱን ፈጣን ግን ደካማ ወደሆነው ኤምዲ5 ቀየርሁት፤ 1,000,000 ድግግሞሽ አጥቂን ለማዘግየት የታሰበ ቢሆንም ፈተናውንም ያዘገያል። ይህ ቅንብር ከፈተናው ፋይል እንዳይወጣ ራሱን የቻለ ፋይል ውስጥ አኖርሁት።

የጻፍኋቸው ፈተናዎች ቅጹ በትክክል ሲሞላ መሥራቱን ብዙም አያዩም፤ ያንን ማንም በመጀመሪያው ቀን ያየዋል። የሚያዩት ሌላውን ነው። ጥያቄው ውስጥ «የበላይ ተጠቃሚ» የሚል መስክ ተጨምሮ ቢላክ የተፈጠረው ሰው ተራ አባል መሆኑን፤ ኢሜይሉን የሚመስል የይለፍ ቃል መውደቁን፤ ጊዜው ያለፈበት ሊንክ መጣሉን፤ አንድ ፊደል የተነካበት ሊንክ መጣሉን፤ ነጥብ አልባ ፊደል ያለበት ኢሜይል መመለሱን፤ አንድ ሊንክ ሁለት ጊዜ ሲላክ ቋቱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ መኖሩን። ለነባርና ለአዲስ ኢሜይል የሚመለሰው ገጽ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑንም አነጻጽራለሁ። ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ወደፊት ገጹን «ለተጠቃሚ ምቹ» ለማድረግ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያፈርሰው ያንን ነው።

የቀሩ ሁለት ሥራዎች አሉ። ጃንጎ የጥያቄ ብዛት የሚገድብ ነገር ይዞ ስለማይመጣ፣ አንድን አድራሻ በኢሜይል ናዳ እንዳናስጨንቅ በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻ) ላይ የሚቆጥር ትንሽ ገደብ እጽፋለሁ፤ ገደቡ ላይ ሲደርስም መልሱ ያው «የመልእክት ሳጥንዎን ይመልከቱ» ነው። ሁለተኛው አባል ኢሜይሉን ሲቀይር ነው። የተፈረመ ሊንክ ይሠራለታል፣ ነገር ግን መፈረሚያው ላይ ከምዝገባው የተለየ ጨው (ፊርማውን ከዓላማው ጋር የሚያስር ስያሜ) መጠቀም ያስፈልጋል። ጨዉ አንድ ከሆነ ለምዝገባ የተላከ ሊንክ በኢሜይል መቀየሪያው በር ላይም እንደ ትክክለኛ ይታያል። ስሞቹን «ምዝገባ» እና «ኢሜይል-ቅየራ» ብዬ ቅንብሩ ውስጥ ጽፌያለሁ፤ ቅጹን ሰኞ እጀምራለሁ።